ዶሮዎቼ ጾመኞች ነበሩ

ዶሮ ዶሮ ትበላለች ብሎ የነገረኝ ሰው የለም። ይህን ያህል ዘመን ኖሬ፣ ያን ሁሉ ጫጩት አስፈልፍዬ፣ አንድም ቀን አላየሁም። ሰው ቢነግረኝም «ወዲያ ሂድ፣ ቀጣፊ!» ብዬ አባርረው ነበር። ዘንድሮ በሁዳዴ፣ በገዛ ግቢዬ፣ በገዛ ዓይኔ አየሁት። አሁንም ሳስበው ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል።

የተበላችው ዶሮ የእኔ ብትሆን እንዲህ ባልሆንኩ ነበር። የእኔ አይደለችም፤ የዝናሽ ናት። ዝናሽ ከወለጋ ተፈናቅለው ደብረ ብርሃን ከሰፈሩት አንዷ ናት፤ ከሰፈራችን ማዶ ካለው መጠለያ ነው የምትኖረው። አገሯ ሳለች በሬ ነበራት፣ ጎተራ ነበራት። ሲወጡ ይዛ የወጣችው ይቺን ገብስማ ዶሮ ብቻ ነው፤ በነጠላዋ ጠቅልላ፣ ብብቷ ሥር ሸጉጣ። ያን ሁሉ መንገድ ዶሮዋ ድምፅ አላሰማችም አለችኝ። እንዳወቀች ሁሉ!

መጠለያው ሸራ ነው። ሰው ተጣቦ የሚያድርበት ነው እንጂ ቆጥ የሚሠራበት ጥግ የለውም፤ ሌባውም አያስቀምጥም። ስለዚህ በርቢ ተስማማን፤ ዶሮዋ የእሷ፣ ቀለቡ የእኔ፣ የሚፈለፈለው ጫጩት እኩል። ስታስረክበኝ እጇ አልለቅ ብሏት ትንሽ ቆየች።

«እማማ፣ ከዚያ ቤት የተረፈችኝ እሷ ብቻ ናት። አደራ» አለችኝ።

«እኔ አልታየች፣ የመሪጌታ ወልደኪዳን ሚስት፣ አደራ በልቼ አላውቅም» አልኳት። አፌን ሞልቼ ነው ያልኩት።

«ለደብረ ዘይት መጥቼ አያታለሁ» ብላ ሄደች።

እዚህ ላይ ስለ ቤቴ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ባሌ ነፍሱን ይማረውና ለሁለታችንም ቆጥሯል። በጾም ግን ከማንም አላንስም። ሁዳዴ ሊገባ ሲል ድስቱን፣ ጭልፋውን፣ ሳህኑን ሁሉ በአመድ ፈትጌ አጥባለሁ። ቅቤው በቅል ታሽጎ ከአልጋዬ ራስጌ ይሰቀላል። ሌላ ጊዜ ለዶሮዎቼ የእንቁላል ቅርፊት እወቅጥላቸዋለሁ፣ አጥንት እቀጠቅጥላቸዋለሁ፣ ከሳህን የተራረፈ ነገር እበትንላቸዋለሁ። በሁዳዴ ግን ገብስ፣ ገብስ ብቻ! ከእኔ ደጅ የፍስክ ነገር እስከ ፋሲካ አይገኝም። ድመቴ ይህን ታውቃለች፤ የቅበላ ለት ሹልክ ብላ ወጥታ ጎረቤቴ ሉባባ ቤት ትገባለች፣ ለፋሲካ ተመልሳ ትመጣለች። ከሃዲ!

በማኅበራችን መሐል «የእኔ ቤት ዶሮው እንኳ ይጾማል» ማለት እወዳለሁ። ይታይሽ የምትባል የማኅበር ጓደኛ አለችኝ፤ እሷ ፊት ስለው ደግሞ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ። እሷ አሳ ይፈቀዳል እያለች የምትከራከር ሴት ናት።

ሌላ ዓመት ዶሮዎቹ ከግቢ ወጥተው ሲጭሩ ይውሉ ነበር። ዘንድሮ ጭልፊቱ ጫጩት አላስተርፍ ሲለኝ በር ዘጋሁባቸው። ግቢዬ ድንጋይ ነው። በዚህ ውርጭ ሣር ብሎ ነገር የለበትም፣ ትልም የለበትም። እኔ ግን ይህን አላሰብኩትም። ገብሱ እንደሆነ ሞልቷል፤ ምን ጎደላቸው?

አንድ ቀን ከቅዳሴ ስመለስ፣ በሩን ገፋ ሳደርግ፣ ሁሉም አንድ ጥግ ላይ ተሰብስበዋል። የፈሰሰ እህል አግኝተው ነው ብዬ ላልፍ ነበር። ድምፃቸው ግን አላማረኝም። ቀረብ ስል ገብስማዋ ፊቷን ወደ ካቡ አዙራ፣ አንገቷን ቀብራ ቆማለች። ከጅራቷ በላይ ጀርባዋ ራቁቱን ቀርቷል። ላባ የለ፣ ምን የለ። ቆዳው ተቦጭቆ ቀዩ ሥጋ ይታያል፤ ደሙ እስከ እግሯ ወርዷል።

«በስመ አብ ወወልድ!» አልኩ።

ጭልፊት ነው ብዬ ሰማዩን አየሁ። ሌሎቹ ደግሞ ከበው የሚያስታምሟት መሰለኝ። አትሳቁ፤ እንደ ለቀስተኛ የከበቧት ነው የመሰለኝ። «እህትማማቾች!» ብዬ አደነቅኋቸው።

ያን ጊዜ ቀይቱ ጠጋ አለች። ቀይቱ የዶሮዎቼ አለቃ ናት። ከእጄ ትበላለች፣ ቁጭ ስል ጭኔ ላይ ትወጣለች፤ በእሷ ላይ ክፉ ቢነግሩኝ አልሰማም። አንገቷን ቀስ አድርጋ ሰገግ አደረገች። ልትስማት መሰለኝ። ከቁስሉ ዳር አንዲት ላባ ነጨችና ዋጠቻት። ከዚያ ተመለሰችና ሥጋውን ነቆረች። አንዴ፣ ደግሞ አንዴ፤ ልክ ገብስ እንደምትለቅም።

ክው አልኩ። ልጮህ አፌን ብከፍት ድምፅ የለም። ገብስማዋም አልጮኸችም፤ እሱ ነው የባሰብኝ። ሲበሏት ዝም ብላ ቆማለች እኮ! ሌላዋ መጣች፣ ነቆረች። ሌላዋ መጣች። በእጄ ያሳደግኋቸው!

ነፍሴ ስትመለስ ነጠላዬን ጠምዝዤ መሐላቸው ገባሁ። «እናንት ጅቦች! እናንት አረመኔዎች!» እያልኩ ግራና ቀኝ አወረድኩባቸው። ተበታተኑና ትንሽ ራቅ ብለው ቆመው ያዩኛል። አያፍሩም። ቀይቱ ምንቃሯ ላይ ደም አለ።

ገብስማዋን ቤት አስገባሁ። ውኃ ለብ አድርጌ ጨው ጣል አደረግሁበትና በንጹሕ ጨርቅ ቁስሉን አጠብኩት። ዙሪያውን በደም የተጣበቀውን ላባ በመቀስ ቆራረጥኩ። ስትንቀጠቀጥ በእጄ ይሰማኛል። «ዝም በይ፣ አለሁልሽ፣ ዝም በይ» እላታለሁ፤ እኔ ለልጆቼም እንዲህ ብዬ አላውቅም። ከዚያ ቁስል የሚያለሰልሰው ቅቤ ነው ብዬ አሰብኩ። በሁዳዴ የቅቤ ቅል መክፈት! እመቤቴን ይቅርታ ጠይቄ፣ ሽታው እንዳይገባኝ አፍንጫዬን ይዤ ከፈትኩት። ጀርባዋን ሙልት አድርጌ ቀባኋት። እንደ ሙሽራ አንጸባረቀች። ደሙ ቆሟል፣ ተገላግላለች ብዬ መልሼ ከእነሱ ጋር ለቀቅኋት።

ምን ዓይነት ጅል ነኝ! እግሯ መሬት ሳይነካ ተረባረቡባት። ቅቤውን ከነሥጋዋ ይቦጭቁታል። አውራው ሳይቀር! ጠዋት ክንፉን ዘርግቶ ሲዞራት የነበረው አውራ ዶሮ! እኔ ለቁስሏ መድኃኒት ያልኩት ለካ ወጡን አጣፍጬ ማቅረቤ ነበር። ቀምቼ ስወጣ እጄ ድረስ ነቁረውኛል።

ከዚያ ወዲያ ከቤት አላወጣኋትም። አልጋዬ አጠገብ ትልቅ ቅርጫት ደፍቼባት፣ በሥሯ ገለባ አንጥፌላት አስተኛኋት። ሌሎቹ ቀይ ባዩ ቁጥር እንደሚያብዱ ገብቶኛል፤ ስለዚህ ያን ወይን ጠጅ ቀለም ያለውን የቁስል መድኃኒት ልገዛ ወረድኩ።

«ለማን ነው እማማ?» አለችኝ መድኃኒት የምትሸጠው ልጅ።

«ለዶሮ።»

«ለዶሮ?»

«ዶሮ አያማትም ያለሽ ማን ነው? ስጪኝና ዝም በይ።»

በየቀኑ እያጠብኩ ቀባኋት። እህል አልቀምስ ስትል የራሰ ገብስ በጣቴ አፏ ውስጥ እከትላታለሁ። እየቆየ ቅርፊት ያዘላት፤ ሥጋው ጠገገ። ጀርባዋ ግን ወይን ጠጅ ሆኖ ቀረ፤ ላባ የሌለው፣ ለዓይን የሚያስቀይም።

በዚህ መሐል ይታይሽ ልትጠይቀኝ መጣች። ቅርጫቱን አንስታ አየችና አፏን ያዘች።

«እንግዳዋን ብቻ ነው የነኳት?»

«እሷን ብቻ።»

«በይ ለባለቤቷ መልሺላት። አመጣጧን ማን ያውቃል? አንድ ነገር ይዛ መጥታ ነው። የአንቺ ዶሮዎች እንዲህ አልነበሩም።»

እውነቱን ልናገር፤ ይህ ነገር ለአፍታ ደስ አለኝ። የእኔ ዶሮዎች እንዲህ አልነበሩም ማለት ደስ ይላል። ይታይሽ ከወጣች በኋላ ግን ቅርጫቱ ሥር አየኋት። ካቡ ላይ ፊቷን ቀብራ ከመቆም በቀር ምን አደረገች? ምን ይዛ መጣች? ለዝናሽስ ምን ልላት ነው? «ዶሮሽ መጥፎ ስለሆነች የእኔዎቹ በሏት» ልበላት? ደብረ ዘይት እየደረሰ ነው።

ቅርፊቱ ሲጠነክር ልሞክር ብዬ አወጣኋት። ዱላ ይዤ አጠገቧ ቆምኩ። ቀይ የለም፣ ደም የለም፣ ቅቤ የለም። መጀመሪያ ዝም አሉ። እፎይ ልል ስል ቀይቱ ከኋላዋ ዞራ ከአንገቷ ላባ ነጨች። ሌሎቹ ይህን ይጠብቁ የነበር ይመስል ግር ብለው መጡ። ዱላዬን አንስቼ ስሮጥ፣ ያቺ ከሃዲ ድመቴ ከሉባባ ግቢ ካቡ ላይ ወጣች። አፏ ውስጥ አጥንት አለ፣ ጫፉ ላይ ሥጋ የተንጠለጠለበት። እኔን ስታይ ደነገጠችና አጥንቱን ወደ ግቢዬ ጣለችው።

ያየሁትን ልንገራችሁ። ዶሮዎቹ ገብስማዋን ባንዴ ትተዋት ሄዱ። እዚያ አጥንት ላይ ተቆላለፉ። ቀይቱ ላባው ከአፏ ወደቀ፤ ዞራም አላየችው። አጥንቱን ይዛ ትሮጣለች፣ ይነጥቋታል፣ ይቀማማሉ፤ ጅማቱን እየጎተቱ ይውጣሉ። ገብስማዋ መሐል ሜዳ ብቻዋን ቀረች። ማንም ዞር ብሎ አላያትም።

ዱላዬ ከእጄ ወደቀ። ርቧቸው ነው። ገብሱ ሞልቶ ተርፎ ርቧቸው ነው! የራባቸው እኔ የከለከልኳቸው ነገር ነው። በር ዘጋሁባቸው፣ ትል የለ፣ ቅርፊት የለ፣ አጥንት የለ። አስጾምኳቸው፤ እነሱም ጾማቸውን በዝናሽ ዶሮ ጀርባ ላይ ገደፉ። እኔ በማኅበር መሐል ደረቴን ነፍቼ የማወራው ይህን ኖሯል!

ካቡ ሥር ቁጭ አልኩ። ገብስማዋ መጥታ ቀሚሴ ሥር ገባች። ሌላ መግቢያ አልነበራትም።

ከዚያ ተነስቼ ሉባባ ቤት ሄድኩ። ሉባባ የአሊዩ አምባ ልጅ ናት፤ ባሏ ሥጋ ቤት አለው።

«ሉባባ፣ ከትናንት ማታ የተረፈ አጥንት አለሽ?»

ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። «እማማ አልታየች፣ ሁዳዴ አይደለም እንዴ?»

«ሁዳዴ ነው።»

«የእኛም ረመዳን ነው። ታዲያ ለማን ነው?»

«ለዶሮ።»

«ወይ አላህ! ዶሮዎችዎ ጾመኞች ናቸው ብለው በካቡ ላይ ይነግሩኝ አልነበር? እኔ ልጆቼን እንኳ ገና አላስጾምኩም!» አለችና በሁለት እጇ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «አሁን ምን ልበል? አላህ ይቀበልዎት ነው ወይስ ይቅር ይበልዎት?»

«አጥንቱን ስጪኝና ሳቂ።»

በሳህን አጥንት ብቻ ሳይሆን ሳንባም ቆራርጣ ሞላችልኝ። «በየቀኑ ይምጡ፣ ለድመት ነው የምንጥለው» አለችኝ። በነጠላዬ ሸፍኜ ስወጣ ደጃፌ ላይ ማን ቆማለች? ይታይሽ። ነፋሱ ደግሞ ነጠላዬን ገለጠው።

ይታይሽ ሳህኑን አየች፣ ፊቴን አየች። አማተበች።

«አልታየች! ሥጋ? በሁዳዴ? ያውም ከእስላም ቤት?»

«ሥጋ ነው። ዓይንሽ ደህና ነው» አልኳት።

አንዲት ቃል ጨምሬ ባስረዳት ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ግን ለይታይሽ «ዶሮዎቼን አስጾሜ አሳበድኳቸው» ከምል ምላሴ ቢቆረጥ ይሻለኛል። በሩን ዘጋሁባት። ከውጭ «እግዚኦ! እግዚኦ!» ስትል ይሰማኛል።

አጥንቱን ቀጥቅጬ፣ ሳንባውን ከትፌ በየቀኑ ሰጠኋቸው። ለገብስማዋም ከቅርጫቷ ሥር ለብቻዋ። በሩንም ከፈትኩላቸው፤ ጭልፊቱን ራሴ ዱላ ይዤ እጠብቃለሁ አልኩ። ላባ መንጨቱ ቀነሰ። አይኔን ግን አላመንኩትም፤ ገብስማዋን አላወጣኋትም።

ደብረ ዘይት ደረሰ። ከቅዳሴ ተመልሼ ገና ሳልቀመጥ በሩ ተንኳኳ። የንስሐ አባቴ አባ ወልደተንሣኤ ናቸው፤ ከኋላቸው ይታይሽ፣ ሐዘን እንደገባው ሰው ነጠላዋን አዘቅዝቃ። አባ በልጄ ዕድሜ ናቸው፣ ግን ልጄ ይሉኛል።

«አልታየች ልጄ፣ የምሰማው እውነት ነው?»

«እውነት ነው አባ።»

«ሥጋ?»

«አጥንትና ሳንባ።»

«ማን በላው?»

«እነዚያ» ብዬ በጣቴ ግቢውን አሳየሁ።

አባ ዶሮዎቹን ረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «እነዚህን ማን ነው ክርስትና ያነሳቸው?»

ጎንበስ ብዬ የወደቀ ላባ አነሳሁ። ይታይሽ «ለዶሮ ነው እንዴ?» ብላ ደርቃ ቀረች፤ የለበሰችው ሐዘን ሁሉ ባከነባት። አባ መስቀላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፤ የሚጸልዩ እንዳይመስላችሁ።

በዚህ መሐል ዝናሽ ገባች። እጇ ላይ ትንሽ ቋጠሮ አለ። የአባን መስቀል ተሳለመች፣ እኔን ጉንጬን ሳመችኝ፣ ወዲያው ግቢውን በዓይኗ መፈለግ ጀመረች።

«የታለች እማማ?»

ብዙ ነገር አዘጋጅቼ ነበር። ሁሉም ጠፋኝ። «ዶሮዎቼ በሏት» አልኳት።

ቋጠሮው ከእጇ ወደቀ። ስንዴ ነው፤ ከርዳታ ከሚሰፈርላት ቆንጥራ ለዶሮዋ ያመጣችው።

«አልሞተችም! አልሞተችም ልጄ!» ብዬ እየሮጥኩ ቅርጫቱን ገለጥኩ። ገብስማዋን አንስታ አቀፈቻት። ወይን ጠጁን ጀርባ አየች፣ በጣቷ ነካችው። እኔ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት፤ ጾሙን፣ በሩን፣ ቅቤውን፣ አጥንቱን። ይታይሽ እየሰማች፣ አባ እየሰሙ።

«ገብስ ብቻ?» አለች ዝናሽ።

«ገብስ ብቻ።»

ዶሮዋን እያየች፣ ለእኔ ሳይሆን ለእሷ እንደምትናገር፣ «እኔ እንኳ መንገድ ላይ ለራሴ የምቀምሰው አጥቼ ፌንጣ ይዤላታለሁ» አለች።

እኔ ደሙን ሳይ ደንግጫለሁ፣ አጥንቱ ሲወድቅ ደንግጫለሁ። እንዲህ ግን አልደነገጥኩም። ቢሰድቡኝ እሰድባለሁ። ይቺ ልጅ አልሰደበችኝም።

«ቀይቱን ውሰጂ» አልኳት በመጨረሻ። «እንቁላል የማታቋርጥ ናት። ያንቺንም ውሰጂ። ሁለቱንም።»

«የት ላድርጋቸው እማማ?»

እውነቷን ነው። የት ታደርጋቸዋለች?

ዝናሽ ጎንበስ ብላ ስንዴውን ከመሬት ጠራረገችና በግቢው በተነችው። «ስትሄድ ልያት» ብላ ገብስማዋን መሬት ላይ አኖረቻት። ልከለክላት ፈለግሁ፤ አልቻልኩም፣ ዶሮዋ የእሷ ናት። ዱላዬን ፈልጌ አነሳሁ።

ዶሮዎቹ ወደ ስንዴው ተሰበሰቡ። ገብስማዋ ቆማ ቀረች። ቀይቱ ከመሐላቸው ወጣች፤ ቀስ እያለች መጣች፤ አንገቷን ሰገግ አደረገች። ያንኑ አንገት! ዱላዬን ከራሴ በላይ አነሳሁት። የአባ ሳቅ ቆመ። ዝናሽ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋለች።

ቀይቱ ጎንበስ ብላ ከገብስማዋ እግር ሥር አንዲት ፍሬ ስንዴ ለቀመች። ሁለተኛዋን ልትለቅም ስትል ገብስማዋ አናቷን ነቆረቻት። ጠንከር አድርጋ! ቀይቱ ጮኸችና ሸሸች። ገብስማዋ ላባ የሌለው ጀርባዋን ለሁላችንም አሳይታ ስንዴውን መብላት ጀመረች።

ዝናሽ ሳቀች። ከመጣች ጀምሮ ስትስቅ አይቻት አላውቅም፤ ጥርሷ እንዲህ ያማረ መሆኑንም አላውቅም ነበር።

«እዚሁ ትሁን እማማ» አለችኝ። «ሥጋ ግን አይከልክሏት።»

«እኔ እያለሁ?» አልኳት። እሺ ማለቴ ነው። ይታይሽ «በይ አሁን ዱላሽን አውርጂ፣ ታረቁ እኮ» አለች።

አላወረድኩም። ዝናሽና አባ ሲሄዱም እዚያው ቆሜ ነበር፣ ዓይኔን ከቀይቱ ላይ ሳላነሳ።